የሠላሳ አራት ደቂቃ ልዩነት

«ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ» አለች ደቂቃ ለራሷ፣ ወፍራሙን ማርከር ካርቶኑ ላይ እየገፋች። «ሦስት ከአሥራ አንድ። ሦስት ከአሥር። ሦስት ከአሥር።»

ነጩ ካርቶን የምግብ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ጫፉ እየተጠቀለለ ስላስቸገራት ሁለቱን ማዕዘን በስኳርና በጨው ዕቃ፣ ሁለቱን ደግሞ በአባቷ የክት ጫማዎች አስይዛዋለች። ከኤግዚቢሽኑ በፊት የቀራት ይህ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ቢሆንም አልተጣደፈችም። ጊዜ አጥሯት አያውቅም። ቅጽል ስሟንም ያተረፈችው በዚሁ ነው። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጭሯ እሷ መሆኗ አንድ ነገር ሆኖ፣ አንድ ደቂቃ ማርፈድም አንድ ደቂቃ ቀድሞ መድረስም አትወድም። እውነተኛ ስሟ የሚነሣው መምህራን ስም ሲጠሩ ብቻ ነው።

የምትገለብጠው ሰንጠረዥ የጓደኛዋ የካፒቴን ሥራ ነው። ካፒቴንም ብትሆን ቅጽል ስሟ ነው። «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ለሚላት ሁሉ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከ«አውሮፕላን አብራሪ» ሌላ መልስ ሰጥታ ስለማታውቅ የወጣላት ነው። ሁለቱ ለጂኦግራፊ ኤግዚቢሽኑ የመረጡት ርዕስ በከተማቸው አውሮፕላን ማረፊያና በወደቡ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው ርቀትና የበረራ ጊዜ ነበር። ደቂቃ በትምህርት ቤቱ ሉል ላይ ቀጭን ክር ከከተማ ወደ ከተማ ወጥራ ለካች፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ያንን ወደ መሬት ርቀት ስትቀይረው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ መጣላት። አውሮፕላኑ በሰዓት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ቢበር፣ ለመነሣትና ለማረፍ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢጨመር፣ ጉዞው ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል ብለው ገመቱ።

የቀረው ግምቱን ከእውነቱ ጋር ማስተያየት ነበር፤ እሱ የካፒቴን ድርሻ ሆነ። ቤቷ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ወደ መንገደኞች መቀበያው አዳራሽ ጎራ እያለች፣ ትልቁ ሰሌዳ ላይ በቀን አንድ የሚሄድና አንድ የሚመለስ አውሮፕላን የተነሣበትንና ያረፈበትን ሰዓት ልትመዘግብ ተስማሙ። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ስለሆነ ሥራው መቀነስ ብቻ ነው። መምህሩ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል፤ «ከስልክ የተገለበጠ ቁጥር አልቀበልም። በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ!» ያሸነፈው ጥንድ አንድ ሙሉ ቀን በበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ላይ ይውላል። ካፒቴን ይህን ከሰማች ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

የውጩ በር ተከፈተና ባለ ጎማ ሻንጣ እየተንገጫገጨ ገባ። እናቷ ነበረች። የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ ማለዳ ሄዳ አሁን የተመለሰችውም ከዚያው ከወደቡ ከተማ ነው። ጫማዋን እዚያው በሩ ሥር አወለቀች።

«ወይ እግሬ! መቶ ሰማንያ ሰው ውሃ ይላል፤ ውሃውን ስታደርሺ መቶ ሰማንያ ሰው ሽንት ቤት ይላል» አለች። ከዚያ ጠረጴዛውን አይታ ደነገጠች። «ኧረ ልጄ! የአባትሽ ጫማ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ሥራ ላይ ነው፤ እንዳትነኪው። ደግሞ ጠርጌዋለሁ።»

እናቷ እየሳቀች ቀረበችና ካርቶኑን ማንበብ ጀመረች። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ከዚያ ወደ ቀኙ ዓምድ ተሻገረ። ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ይሄ መሄጃው ነው። ይሄስ?»

«መመለሻው። የአሥር ቀን ነው፤ ሃያ በረራ።»

«እና መሄጃውም መመለሻውም እኩል ሦስት ከአሥር?» እናቷ ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ፣ እኔ በዚህ መስመር ስድስት ዓመት ተመላለስኩ። አንድም ቀን እኩል ሆኖልኝ አያውቅም። ስንሄድ ንፋሱ ከኋላችን ሆኖ ስለሚገፋን ሦስት ሰዓት አይሞላብንም። ስንመለስ ግን ፊት ለፊት ይገጥመናል። ዛሬ ራሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው የፈጀብን።»

«ምናልባት ሰሌዳው ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ሰሌዳ አንድ ቀን ይሳሳታል። አሥር ቀን ሙሉ አይሳሳትም።» እናቷ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ደቂቃ ብቻዋን ቁጥሮቹን እንደገና አየቻቸው። ከሦስት ከስምንት በታች የለም፤ ከሦስት ከአሥራ ሁለትም በላይ የለም። ሃያ አውሮፕላን፣ አሥር ቀን፣ ሁሉም እንደ ሰልፈኛ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል። ቅድም ስትገለብጣቸው እንዴት ማማራቸውን ብቻ አየች? ማርከሩን ከደነች፤ ጫማዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰችና ወጣች።

የካፒቴን እናት የልብስ ንጽህና ቤት አላት፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ፣ ከዋናው መንገድ ዳር። የሆቴል አንሶላ፣ የአስተናጋጆች ጃኬት፣ የአብራሪዎች ሸሚዝ ሁሉ እዚያ ነው የሚታጠበው። ደቂቃ ስትገባ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል፤ ማሽኖቹ ያጓራሉ። ካፒቴን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ሆና አንድ ነጭ ሸሚዝ፣ አፍንጫዋ ኮሌታውን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ፣ ትተኩሳለች።

«ደቂቃ! እናትሽ ደህና ናት?» አለች የካፒቴን እናት ከአንሶላው ክምር መሃል ብቅ ብላ።

«ደህና ናት፣ እትዬ። አሁን ገባች። ካፒቴንን አንዴ ላናግራት?»

በጓሮ በኩል ወጡ። ነጫጭ አንሶላዎች ተሰጥተው ይርገበገባሉ።

«ቁጥሮቹን ከየት አመጣሻቸው?» አለች ደቂቃ።

«ከየት አመጣሻቸው ማለት? ከሰሌዳው ነዋ!»

«መመለሻው ከመሄጃው ግማሽ ሰዓት ይረዝማል። ንፋስ አለ። እናቴ አሁን ነው የነገረችኝ።»

«ንፋሱን…» ካፒቴን ምላሷን ነከሰች።

«ንፋሱን ምን?»

«ምንም።»

«ረሳሁት ልትዪ ነበር። ካፒቴን ሆነሽ ንፋስ ረሳሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አሁን ግን የካፒቴን ፊት ቀላ።

«አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ! ነገ ነው ኤግዚቢሽኑ። ማን ነቄ ይላል? ቲቸር እንደሆነ በዕድሜው አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም።»

«እኔ አውቄዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝሽ እንደ መዥገር ነሽ።»

ደቂቃ ስድቡን እንዳልሰማች ሆነች። «ከሰሌዳው ካየሽው እንሂድና አብረን እንየው። በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የዛሬዎቹ በረራዎች ከሰሌዳው ላይ ገና አልጠፉም።»

ካፒቴን ወደ ቤቱ ዞር አለች፤ ወደ ጓደኛዋም ዞር አለች። እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች መሰል፣ ሽርጧን ፈትታ ገመዱ ላይ ወረወረችውና ቀድማ ወጣች።

መንገድ ላይ በላያቸው አንድ አውሮፕላን እያጉረመረመ አለፈ። ካፒቴን ሌላ ቀን ድምፁን ብቻ ሰምታ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ዓይነቱን ትናገራለች፤ ዛሬ ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

አዳራሹ ውስጥ መንገደኛ ያልሆነ ሰው የሚቆመው ከብረት አጥር ወዲህ ነው። ሰሌዳው የተሰቀለው ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ፣ ከሻንጣ መቀበያው በላይ። ደቂቃ ደብተሯን አወጣች። በዚያ ቀን ወደ ወደቡ ከተማ ሁለት አውሮፕላን ሄዷል፤ ሁለት ተመልሷል። መሄጃው ሁለት ሰዓት ከአምሳ አራት እና ሁለት ሰዓት ከአምሳ ስድስት። መመለሻው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ እና ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት። እናቷ ትክክል ነበረች።

«አምስተኛውን መስመር አንቺ አንብቢልኝ፤ እኔ ልጻፍ» አለች።

ካፒቴን ዓይኗን አጠበበች። አንገቷን በብረቱ ላይ ሰገግ አደረገች። «የተነሣው… ሰባት ከሃያ። ያረፈው… አሥር ከ… ሠላሳ።»

ደቂቃ ሰሌዳውን እንደገና አየች፤ ከዚያ ጓደኛዋን አየቻት።

«አምስተኛው መስመር ላይ ቁጥር የለም» አለች ቀስ ብላ። «‹ዘግይቷል› ብቻ ነው የሚለው።»

ደቂቃ ነገሩ አንድ በአንድ እየታያት መጣ። ካፒቴን ዘንድሮ ያለ ወትሮዋ ፊተኛው ወንበር ላይ መቀመጥ መውደዷ። ጥቁር ሰሌዳውን ትታ ከደቂቃ ደብተር መገልበጧ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ የማታውቃትን ሴትዮ «አክስቴ!» ብላ እጇን ማወዛወዟ፣ ደቂቃም እስክታነባ መሳቋ። ከዚያ ሁሉ አንዱን እንኳ አላስተዋለችም።

ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምና» አለች ካፒቴን ጉልበቷን እያየች። «መጀመሪያ የአውቶቡስ ቁጥር ነበር። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው። እዚህ ሁለት ቀን መጥቻለሁ፤ እውነቴን ነው። ሰውን ‹አንብቡልኝ› ልል ፈለግሁና አፈርኩ፤ ፊደል ያልቆጠርኩ ይመስላቸዋል ብዬ። በሦስተኛው ቀን ቤት ቁጭ ብዬ ሦስት ከአሥር ላይ አንዳንድ ደቂቃ እየጨመርኩ፣ አንዳንድ እየቀነስኩ ጻፍኩት።»

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

«ለአንቺ ከነገርኩሽ እማዬ ትሰማለች። ሐኪም ቤት ትወስደኛለች። ሐኪሙ መነጽር ያዛል። መነጽር ያደረገ ሰው ደግሞ አብራሪ አይሆንም።»

«ማነው እንደዛ ያለው?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል!»

«ሁሉም ሰው ማለት ስም የለውም» አለች ደቂቃ። «እኔ የጠየቅሁሽ ማነው ያለው ነው።»

ካፒቴን የደቂቃን እጅ ያዘች። «እሺ፣ የነገን ብቻ ተይልኝ። አንዴ ማማው ላይ ልውጣ። አብራሪ ባልሆን እንኳ አንድ ቀን ከላይ ልየው። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ለፈለግሽው ተናገሪ።»

ይሄ ከስድቡ የበለጠ ከበዳት። ደቂቃ እጇን አልነጠቀችም። እሺ ብትል ማንም አያውቅም፤ ካርቶኑ ተሞልቶ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ጓደኛዋም ማማው ላይ ቆማ እንዴት እንደምትሆን ታያት። ግን ማማው ላይ ቆማ ምን ታያለች? ጉም ብቻ።

«ሃያዎቹን አልለጥፋቸውም» አለች በመጨረሻ። «አራቱን ነው የምለጥፈው። የዓይንሽን ነገር ግን ከኔ አፍ ማንም አይሰማም። እሱ ያንቺ ነው።»

«በአራት በረራ? እንሸነፋለን እኮ!»

«እንሸነፍ ይሆናል። አራቱ ግን ያየናቸው ናቸው።»

«ያየሻቸው!» አለች ካፒቴን፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። ብድግ ብላ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳትል፣ በተንሸራታቹ በር ወጣች።

ደቂቃ ቤት ገብታ ካርቶኑን ገለበጠችው። ጀርባው ንጹሕ ነበር። አራቱን በረራዎች በትልልቁ ጻፈች፤ አማካዩን አወጣች። መሄጃ ሁለት ሰዓት ከአምሳ አምስት፤ መመለሻ ሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ። ልዩነቱን ከሥሩ በቀይ ጻፈችው፦ ሠላሳ አራት ደቂቃ። ክፍት የቀረው ቦታ ብዙ ነበር፤ እዚያ ላይ ሁለት አውሮፕላንና ንፋሱን የሚያሳዩ ቀስቶች ሳለች።

እራት ላይ «እማ፣ መነጽር ያደረገ አብራሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀች።

እናቷ ጉርሻዋን ሳትውጥ ሳቀች። «የዛሬው ዋና አብራሪያችን ማን ሆነና! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ‹መነጽሬን ያየ› እያለ ነበር። ደግሞ ትርፍ መነጽር ሳይዝ አይነሣም፤ ሕግ ነው። ዓይኑ በመነጽር ጥርት ብሎ ካየ፣ ሐኪሙም ከፈረመለት ይበራል።» ከዚያ ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። «ምነው?»

«ለማወቅ ነው።»

እናቷ አንድ ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ግን አልገፋችም።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንደ ገበያ ይጫጫል። በቀኝ በኩል ሁለት ልጆች እሳተ ገሞራ ሠርተው ቀይ አረፋ ያስተፉታል። በግራ በኩል የወንዝ ግድብ እየፈሰሰ መጥረጊያ ይፈለጋል። ደቂቃ ካርቶኗን ብቻዋን ለጠፈች፤ በሩን ግን በየመካከሉ ታያለች። መምህሩ ከወዲያ ጫፍ መመልከት ጀምረዋል። ካፒቴን የለችም።

ሦስት ጠረጴዛ ሲቀራቸው በሩ ተገፍቶ ካፒቴን እያለከለከች ገባች። በክንዷ ከእናቷ ንጽህና ቤት የመጣ ትልቅ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ታቅፋለች፤ ገመዱ ከኋላዋ ይጎተታል።

«ምንድነው እሱ?»

«ንፋሱን ነዋ ያመጣሁት» አለች ካፒቴን፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነክሳ። «ትናንት ረስቼው አልነበር?»

ከኪሷ የወረቀት አውሮፕላንና ረጅም ክር አወጣች። ክሩን በሁለት ወንበር መካከል ሲወጥሩ ደቂቃ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ የእናቷን ወሬ ነገረቻት። የካፒቴን እጅ ቋጠሮው ላይ ቆመ።

«ምለሽ?»

«ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲፈልገው ነበር አለች። እናቴ በሥራዋ አትቀልድም።»

ካፒቴን ቋጠሮውን ጨረሰች። ሁለት ጊዜ አጠበቀችው።

መምህሩ ደርሰው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «አሥር ቀን ተሰጥቶ አራት በረራ?»

«ሌሎቹን ጣልናቸው፣ ቲቸር» አለች ደቂቃ። «በዓይናችን ያየናቸው አልነበሩም።»

«መመዝገብ የማን ድርሻ ነበር?»

ደቂቃ «የሁለታችን ነው» አለች። ሁለቱ የጀመሩት ሥራ ነው፤ ቁጥሮቹንም ሳትጠይቅ እያማረላት የገለበጠችው ራሷ ናት።

«አይደለም» አለች ካፒቴን ከጎኗ። «የኔ ነበር። ሃያዎቹን ፈጥሬ ነው የጻፍኳቸው። እሷ ትናንት ነው ያወቀችው።»

ግድቡ ዘንድ ያሉት ልጆች እንኳ ዘወር አሉ። መምህሩ ለረጅም ጊዜ ካፒቴንን አዩአት፤ ከዚያ ወረቀታቸው ላይ ጻፍ አደረጉ።

«ለጎደለው በረራ ነጥብ እቀንሳለሁ። ለፈጠራው ሰኞ ቢሮዬ መጥተሽ ታስረጂኛለሽ። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ። ብዕራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱ ፊታቸው ትንሽ ለዘበ። «በሉ እስቲ፣ መመለሻው ለምን እንደረዘመ አሳዩኝ።»

ካፒቴን ቬንትሌተሩን አስነሣች። የወረቀቱ አውሮፕላን ንፋስ ከኋላው ሲነፋበት በክሩ ላይ ሽው ብሎ ሄደ። ስትመልሰው ግን ንፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፋ፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የመጣው። ካፒቴን እየተናገረች ደቂቃ ሰዓት ያዘች። «መንገዱ አንድ ነው፣ ቲቸር። የሉሉን ርቀት ማንም አይቀይረውም። የሚቀየረው የሚገፋን ነገር ነው» አለች ካፒቴን። ትንንሾቹ ልጆች «እኔም ልሞክር፣ እኔም» እያሉ ተሰለፉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰልፉ አልተቋረጠም።

ማማውን ያገኙት ባለ እሳተ ገሞራዎቹ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ካፒቴን አጨበጨበች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም። እነደቂቃ አራተኛ ወጡ።

ከትምህርት በኋላ ቬንትሌተሩን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ንጽህና ቤቱ ሄዱ። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ካፒቴን ቆመች።

«ለእማዬ ልነግራት ነው።»

«ልግባ ከአንቺ ጋር?»

ካፒቴን አሰበች። «አይ። እዚሁ ቁሚልኝ ግን።»

ደቂቃ ከደረጃው ላይ ተቀመጠች። በመስታወቱ እንፋሎት ውስጥ ሁለት ጥላ ብቻ ነበር የሚታየው፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ አይንቀሳቀስም። ከዚያ የማሽኖቹ ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ። መንገዱ በድንገት ጸጥ አለ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተና የካፒቴን እናት ቁልፍ ይዛ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ከትናንት ጀምሮ፣ እትዬ።»

«ከትናንት! እኔ እናቷ ደግሞ ዓመት ሙሉ አጠገቧ ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ።» በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። «በአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ያለው የዓይን ሐኪም እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?»

«እስከ አሥራ አንድ ተኩል» አለች ደቂቃ ብድግ ብላ። «አሁን ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነው። በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አሁን ከተነሣን አሥር ደቂቃ ይተርፈናል።»

የካፒቴን እናት በሩን ቆለፈች። «ምን ብዬ ነው የምነግረው ሐኪሙን? ‹ልጄ ማየት ካቆመች ዓመቷ፣ እኔ አላወቅሁም› ልበለው?»

«አንቺ ምንም አትዪውም፣ እማ» አለች ካፒቴን፣ የእናቷን ቦርሳ ተቀብላ። «እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው። ከአውቶቡሱ ቁጥር ጀምሬ።»

ሦስቱም መንገዱን ያዙ።